መመለሻ የሌለው አቅጣጫ

አዲስ አበባ፣ ኮተቤ
ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእቴ ፀሐይወርቅ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። የመንዝን ብርድ ረስቼ የኮተቤው በረደኝ ማለት ጀምሬአለሁ፤ እንዳትስቂብኝ። ደብዳቤሽን ሹፌሩ አስፋው በእጄ ሰጠኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። እናንተ ጋ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ እንደ አዲስ እየተማርኩ ነው፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

አባባ ስለ ጨዋታው ያሉትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። «የሰው ልጅ ሰሜን ይሄዳል እንዴ? ሰው ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል።» እውነታቸውን ነው። እኔ ከመጽሐፍ እንደተማርኩት ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ብዬ ሠራሁት። የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ከአልጋ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ አልጋ ብቻ ሲመላለሱ አሳዝነውኝ፣ ሥዕል የሌለው በጽሑፍ ብቻ የሚኬድ ጨዋታ ሠርቼ ቀያችንን በቃል ላስዞራቸው አልኩ እንጂ፣ በገዛ አገራቸው አቅጣጫ ላስተምራቸው አልነበረም። አንቺ ታነቢላቸዋለሽ፤ እሳቸው የሚሄዱበትን ይነግሩሻል፤ አንቺ ትጽፊዋለሽ። ሸክሙ በአንቺ ላይ መውደቁን አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ።

በዚህ ፍላሽ ላይ ያለው አዲሱ ነው። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ አግድም፣ ማዶ የሚሉትን አስገብቻለሁ። አዲስ አቅጣጫ መጨመር ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ቃሉን ለፕሮግራሙ ታስተዋውቂዋለሽ፤ ቀጥሎ መመለሻውን ትነግሪዋለሽ። የሽቅብ መመለሻ ቁልቁል ነው። የአግድም መመለሻ ራሱ አግድም ነው። መመለሻ የሌለው አቅጣጫ ግን አይቀበልም። እንደዚያ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ተጫዋቹ ሄዶ እንዳይቀር ብዬ። ደግሞ አባባ የሚሉትን፣ ጨዋታው የማያውቀውን ቃል ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጣል። ፍላሹን ስትመልሺልኝ ያንን እያየሁ እጨምራለሁ።

እማዬ ስለ ታላቅ ወንድማችን ስለ ምስክር ያዘዘችኝን ፈጽሜአለሁ። በዚያ በጦርነቱ ዘመን የዘመቱትን ብዙዎቹን ያውቃሉ የተባሉ አንድ ጡረተኛ መቶ አለቃ ቤት ድረስ ሄድኩ። ደህና አድርገው አስተናገዱኝ፤ ስሙን ግን ሰምተውት አያውቁም። በግንቦት 1991 ዘመተ የተባለ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ከሄደ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል እንዴት አንድ ሰው አየሁት የሚል ይጠፋል? ለእማዬ «እየተፈለገ ነው» በያት። «የለም» እንዳትያት። በግ በታረደ ቁጥር ድርሻውን ስታስቀምጥለት እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ከኔ አፍ አትስማው።

ወንድምሽ ቸሩ


ቀየት
ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቸርዬ፣

እንዴት ነህ? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው። በአስፋው አፍ የጠየቅከኝን በየተራ ልመልስልህ። አይደለም፣ አልተቆጣሁም። አዎ፣ ላፕቶፑን የምሞላው በሶላር ነው። አይ፣ በየቀኑ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ቀየት አስተምርና ቅዳሜ ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄጄ ነው አባባ ጋ የምቀመጠው። ለእማዬ ያልከውን አልኳት። «እግዚአብሔር ይስጠው፣ ይፈልግልኝ» ብላ መረቀችህ።

አባባ ሽቅብ የሚለውን ሲሰሙ «አሁን ገና ሰው ሆነ» አሉ። ምንጩን አለፍን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምን፣ አውድማው ደረስን። ከአውድማው በላይ አንተ የሠራኸው የለም። እሳቸው ግን መች ቆመው! ጨዋታው «በዚያ በኩል መንገድ የለም» ሲል «አለ እንጂ፣ ልጄ ረስቶት ነው» ብለው መንገዱን በአፋቸው ይነግሩኝ ጀመር። ከአውድማው ሽቅብ፣ ከጅባራው ተክል አግድም፣ የጓሳ ሣር የሚታጨድበት ሜዳ፣ ከዚያ «ገደሉን በግራ ይዞ»። አቅጣጫው ስሙ እንዲሁ ነው አሉ። መመለሻው ምንድን ነው ብላቸው ሳቁብኝ። «ገደሉን በቀኝ ይዞ ነዋ! አስተማሪ ተብለሽ!»

ልጓም ገደልን ማለታቸው ነው። እኛ ወደዚያ መሄድ ከተውን ስንት ዘመናችን። አባባም ከዚያ ሜዳ ሣር ማጨዱን ድሮ ነው የተዉት፤ ለምን እንደተዉት ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም። ሜዳው ጋ ስንደርስ «ቁጭ በል» አሉ። ተቀምጫለሁ እኮ አልኳቸው። «አንቺን አይደለም፤ ለሱ ጻፊለት።» ጻፍኩ፤ ጨዋታው አላውቅም አለ። «ስማ» አሉ፤ እሱንም አላውቅም አለ። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አዘንብለው ብዙ ቆዩ፤ ላፕቶፑ ድምፅ እንደማያወጣ እያወቁ። እማዬ ወተት ይዛ ስትገባ «ዝጊው» አሉኝ። እኔም እንደ ሌባ ዘጋሁት። ለምን እንደደነገጥኩ እስካሁን አልገባኝም።

ፍላሹን መልሼልሃለሁ።

እህትህ ፀሐይወርቅ


አዲስ አበባ
ኅዳር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

እቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። በአስፋው አፍ ለጠየቅሽኝ፤ አዎ፣ በደንብ እበላለሁ። አይ፣ አላገባሁም፤ ሳገባ አስፋው ለአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ከማውራቱ በፊት ለአንቺ እነግርሻለሁ።

የአባባን መንገድ ሠርቼዋለሁ። እንዲህ ያለ አቅጣጫ ሠርቼ አላውቅም። ሰሜን የትም ብትቆሚ ሰሜን ነው፤ ሰው ኖረ አልኖረ ደንታ የለውም። «ገደሉን በግራ ይዞ» ግን የሚሄድበት ሰው ከሌለ ምንም አይደለም። የሥራ ባልደረባዬ አትናቴዎስ አይቶት «ይኼ አቅጣጫ አይደለም፣ ምክር ነው» አለኝ። አንድ ቀን ሙሉ ሲስቅበት ዋለ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ።

«ቁጭ በል» እና «ስማ» የሚሉትንም አስገብቻለሁ። ሜዳው ላይ ቁጭ በል ሲባል «ተቀምጠሃል። ጉሙ እስኪገለጥ ትጠብቃለህ» ይላል። ጉም ለምን እንዳልኩ እንጃ። አንቺ ስለ ጉም የጻፍሽልኝ ነገር የለም፤ ደብዳቤሽን ደግሜ አየሁት፣ የለም።

ከዚያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልሞክረው ተቀመጥኩ። ከአውድማው ሽቅብ፣ አግድም፣ ገደሉን በግራ ይዞ፣ ገደሉን በግራ ይዞ። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። ሰው ትከሻ ላይ ነኝ። ሁሉ ነገር ነጭ ነው። እርጥብ በርኖስ ይሸተኛል፤ የተሸከመኝ ሰው ይንቀጠቀጣል። ይህን ያየሁት በእውኔ ነው ወይስ አሁን የፈጠርኩት? ፈራሁ፣ እቴ። ሰላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ በቀን ብርሃን የገዛ ፕሮግራሜን ፈርቼ ደጅ ወጣሁ።

ልጓም ገደል ሄጄ አውቃለሁ? ይህንን ሳትረሺ መልሺልኝ።

ቸሩ


ቀየት
ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቸሩ፣

ስላጠረብህ ይቅርታ፤ አስፋው ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው። እማዬ ደህና ናት። አባባን ግን ሳል ይዟቸዋል፤ ደረታቸውን ያፍናቸዋል። ነፍስ አባታቸው አባ ገብረ አማኑኤል ሁለት ጊዜ መጥተው፣ ሁላችንም ደጅ ወጥተን ቆየን። ከሄዱ በኋላ አባባ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ።

«ለነፍስ አባቴ ነገርኩ። ለባለቤቱ ካልነገርክ ንስሐህ አይሞላም አሉኝ። አፌ እምቢ አለ፣ ልጄ። ሃያ አምስት ዓመት እምቢ አለ። በዚያ በወንድምሽ መንገድ ከሄድኩ ግን የምደርስ ይመስለኛል። አንድ አቅጣጫ ይጨምርልኝ።»

ምን የሚል አቅጣጫ አልኳቸው።

«ወደ ድምፁ።»

መመለሻው?

«የለውም።»

ቸሩ መመለሻ የሌለው አይቀበልም ብሏል አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እማዬ ከጓዳ ሆና «ምን ጎድሎበት ነው?» ስትለኝ ሳሉ ነው አልኳት። ዋሸኋት፤ ምን እንደዋሸኋት ግን ገና አላውቅም።

ፈጥነህ ላክልኝ። ሌላውን ጥያቄህን በኋላ እመልሳለሁ።

ፀሐይ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

እቴ ፀሐይ፣

አባባን እግዚአብሔር ይማርልን። ከደብዳቤው ጋር የሳል መድኃኒት አለ፤ አወሳሰዱን በአማርኛ ጽፌበታለሁ።

አቅጣጫውንም ልኬልሻለሁ። መጀመሪያ እምቢ ልልሽ ነበር። ያ ክልከላ አንድ መስመር ነው፤ እሱን ለማጥፋት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ተቀምጬ አየዋለሁ፣ ተነስቼ እሄዳለሁ። በመጨረሻ አጠፋሁት። ከሜዳው አልፎ፣ ገደሉን በግራ ይዞ ሁለት ጊዜ ከተሄደ በኋላ፣ «ወደ ድምፁ» ሲባል ይሄዳል። የሚደርስበትን ቦታ ምን ብዬ እንደምገልጸው ስላላወቅኩ ባዶ ትቼዋለሁ። እዚያ ስትደርሱ ጨዋታው ምንም አይልም፤ የተበላሸ እንዳይመስልሽ። እኔ ራሴ አልሞከርኩትም። ሳልሞክረው የላክሁት ሥራ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥያቄዬን አልመለስሽልኝም። እንግዲያው ሌላም ልጨምርልሽ። የማን ድምፅ ነው? ምስክር ዘመተ ሲባል ማን ሲሸኘው አየ? አንቺ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር። ስንቅ ሲቋጠርለት አይተሻል? እማዬን ስሞ ሲወጣ አይተሻል? እኔ ሁልጊዜ ትንሽ ስለነበርኩ ያመለጠኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን አየሁ የሚል አንድም ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ።

ቸሩ


ቀየት
ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቸርዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ። መድኃኒቱ ደርሶናል፤ ሳሉም ቀለል ብሏል። ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ስንቅ ሲቋጠርለት አላየሁም። ማንም አላየም። ምስክር አልዘመተም።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች አባባ «ክፈቺው» አሉኝ። ከቤታችን ደጅ ጀምረን ሁሉንም ሄድነው። እያንዳንዷን እርምጃ እሳቸው ይላሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። «ወደ ድምፁ» ሲሉ ጻፍኩ። ያልከው ባዶ መስመር መጣ። ምን አለ አሉኝ። ምንም አይልም አልኳቸው። «እዚያ ነው» አሉ። «ምስክር እዚያ ነው።»

በግንቦት የጓሳ ሣር ሊያጭዱ ወጥተው ነበር፤ አባባ፣ ምስክርና፣ ነፍሱን ይማረው፣ የአባባ ጓደኛ ወዳጆ። ጉም መጣባቸው። በአገሩ ወግ፣ ጉም ሲመጣ ልጓም ገደል ላይ ሰው አይጠራም። ሁሉም ባለበት ቁጭ ይላል፣ ይሰማል፣ እስኪገለጥ ይጠብቃል። ገደሉ ድምፅ ይሰርቃል ይላሉ፤ የጠራኸውን ተቀብሎ ከባዶው በኩል ይመልሰዋል። ይህን ለኛ ያስተማሩን ራሳቸው አባባ ናቸው። ያን ቀን ግን አላስቻላቸውም፤ ተነስተው ተጣሩ። ሦስት ጊዜ። ምስክር ከእሳቸው ራቅ ብሎ ነበር። የገደል ማሚቶው ከወዲያ መለሰው፤ እሱም አባቱ እዚያ ያሉ መስሎት ወደ ድምፁ ሄደ።

በማግሥቱ ከወዳጆ ጋር በቆላው በኩል ዞረው ወርደው አገኙት። እዚያው ድንጋይ ከምረው ቀበሩት። ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ፣ መስቀል የለ። ወዳጆን እንዳይናገር አስማሉት። ለእማዬ፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተደብቆ ዘመተ አሏት። ያ ጊዜ ልጅ በየቤቱ የሚዘምትበት ነበርና አመነች። እኔም አመንኩ።

ከጥር ማርያም በኋላ፣ ጥር 22 ማለዳ፣ ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሯት ይመጣሉ። አባ ገብረ አማኑኤልም አሉበት። ለምን እንደደበቋት አባባ ነግረውኛል። እሱን አሁን አልጽፍልህም፤ አትጠይቀኝ፤ ስትመጣ በአፌ እነግርሃለሁ። ለመርዶው ድረስ።

ፍላሹን መልሼልሃለሁ። ከእንግዲህ የሚጨመር ያለ አይመስለኝም።

እህትህ


አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፀሐይ፣

ብቻዬን ሆኜ አንብቤዋለሁ። ሁለት ቀን ሥራ አልሄድኩም። አትናቴዎስ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ የለሁም አልኩ፤ እሱም «እሺ፣ ከሌለህ በር ላይ ምግብ ትቼልሃለሁ» ብሎ ሄደ።

አትጠይቀኝ ብለሽኛል። መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጨዋታው የማያውቀውን ቃል ሁሉ ይመዘግባል ብዬሽ ነበር፤ ረሳሽው። ያን ቅዳሜ አባባ ያሉትን፣ አንቺ የጻፍሽውን፣ ሁሉንም ከነመልሱ አኑሮታል። ሜዳው ላይ ቁጭ አሉ። ሰሙ። ከዚያ ያለው ይኼ ነው።

ቸሩን አትጥራ — ይህን አላውቅም።
ቸሩን አትጥራ — ይህን አላውቅም።
ተው አትጥራ — ይህን አላውቅም።
ቸሩ ይመጣል አትጥራ — ይህን አላውቅም።
ምስክርን መልስ — ይህን አላውቅም።

አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ሲለምኑ፣ እኔ የሠራሁት ነገር አምስት ጊዜ አላውቅም አላቸው።

ስለዚህ ልጓም ገደል ሄጄ አውቃለሁ። የጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ምስክር ሊፈልገኝ ነው ራቅ ያለው፤ አባባ የጠሩት የኔን ስም ነው። ወንድሜ የሞተው የኔ ስም ሲጠራ ሰምቶ ነው። እኔን በትከሻቸው ተሸክመው መለሱኝ፤ እሱን እዚያ ተዉት። ከዚያ እማዬን ሃያ አምስት ዓመት ያስጠበቋት ለኔ ብለው ነው። ተሳስቼአለሁ በይኝ። አትችዪም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለመርዶው አልመጣም። እማዬ ፊት በየትኛው ዓይኔ ነው የምቆመው? አንድ ነገር ብቻ ለምኚልኝ። ለሽማግሌዎቹ ንገሪያቸው፤ ምስክር በጉም ገደል ገባ ይበሏት፤ በቂ ነው። የኔን ስም ከነገሩ አውጡት። እኔ ከሄድኩበት ልቅር፤ እሷ ግን በእርጅናዋ ሁለት ሐዘን አትሸከም።

ቸሩ


ቀየት
የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቸርዬ፣

የጨዋታውን መዝገብ ረስቼው ነው፤ ይቅር በለኝ። ለመደበቅ ስነሳ እንኳ አልተሳካልኝም።

አልተሳሳትክም። ጭላዳ ዝንጀሮ አይተህ ነው የሮጥከው፤ ስድስት ዓመትህ ነበር። ጉሙ ሲወርድ ምስክር አንተን ሊፈልግ ሄደ። አንተ ሩቅ አልነበርክም፤ ከቋጥኝ ሥር ተቀምጠህ ነበር። አባባ ሲጣሩ ድምፃቸውን ሰምተህ እያለቀስክ መጣህ። ያን ቀን አባባ አንተን በትከሻቸው ይዘው፣ በርኖሳቸው እየተንጠባጠበ ሲገቡ እኔ በሩን ከፍቼላቸዋለሁ። ምስክርስ ስላቸው ወዳጆ ቤት ያድራል አሉኝ። ይህንን ሃያ አምስት ዓመት አንድም ቀን አላስታወስኩትም፤ ደብዳቤህን ሳነብ ነው የመጣልኝ።

ስምህን አውጡት ያልከውን ለአባባ ነገርኳቸው። «አይሆንም» አሉ። «አንድ ጊዜ አውጥቼው ያየሁትን አይቻለሁ።» ሽማግሌዎቹ መርዶውን ከነገሯት በኋላ፣ እማዬ ለቅሶዋ ሲበርድ፣ ሁሉንም ራሳቸው ነገሯት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ ጋቢዋን አንስታ ተከትላኝ ወደ ቀየት መጣች። ለቅሶውን እኔ ቤት ነው የተቀመጠችው። ሰው ግራ ገብቶታል፤ ግማሹ አባባ ጋ፣ ግማሹ እኛ ጋ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ሁለት ሰዓት ሄዶ ሁለቱንም ያዳርሳል። አባባን ጎረቤታችን አመተሥላሴ ትጠብቃቸዋለች። እኔም ቅዳሜ ስሄድ ላፕቶፑን ክፈቺ ይሉኛል። ሜዳው ድረስ ይሄዱና «ቁጭ በል» ይላሉ። ተቀምጠሃል፣ ጉሙ እስኪገለጥ ትጠብቃለህ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አይሄዱም። እስኪመሽ እዚያው ናቸው።

ደብዳቤህን እማዬ አስነበበችኝ። ላለማንበብ ሞከርኩ፤ አልቻልኳትም። የሚከተለው የሷ ቃል ነው።


ልጄ ቸሩ፣

እኔ እናትህ ተሾመች ነኝ። የምትጽፈው እህትህ ናት። አንድ ቃል እንዳትቀንስ በጊዮርጊስ አስምዬአታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ከአጥሩ ሲገቡ ነው ያወቅኩት። ስንት ዘመን ሙሉ ያን በር ሳይ ኖሬ፣ የሚገባውን ሰው አካሄድ እለያለሁ። ለልጄ የሚገባውን አልቅሼለታለሁ። ፍትሐት ተደርጎለታል፤ ስሙ በቅዳሴ ተጠርቷል። ተዝካሩን ከጾሙ በፊት አወጣለታለሁ። እሱ አሁን አርፏል፤ እኔም በር ማየት አርፌአለሁ።

አባትህን ምነው ደበቅኸኝ አልኩት። «ትንሹን ባየሽ ቁጥር ትልቁ እየታወሰሽ፣ እንዳትጠዪው ፈርቼ ነው» አለኝ።

ስማኝ ልጄ። ጉሙን አባትህ አላመጣውም። ልጁ የጠፋበት ሰው ደግሞ ይጣራል፤ እኔም ብሆን እጣራ ነበር። ይህን ይቅር ብዬዋለሁ። ማስጠበቁም፣ እሱ እንኳ ከባድ ነው፣ ግን ዕድሜ ከሰጠኝ ይቅር እለው ይሆናል። ይቅር ማለት ያቃተኝ ሌላ ነው። አርባ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ልጇን የምትጠላ ሴት መስዬ ታየሁት። አንተን ሳጎርስህ፣ ስትታመም አዝዬህ ዓለም ከተማ ሐኪም ቤት ድረስ ስሄድ፣ ትምህርት ጨርሰህ ስትሄድ ስንቅህን ስቋጥር፣ እሱ እያየኝ «ብታውቅ ኖሮ አታደርገውም» ሲል ኖሯል ማለት ነው። ይኼ ነው ያቃጠለኝ። ስንቁን በየቅዳሜው በፀሐይ እጅ እልክለታለሁ። ድምፄን ግን አላሰማውም፤ ለጊዜው አልሆነልኝም።

ከዚያ ያንተ ደብዳቤ መጣ። ስሜን አውጡት፣ እሷ አትወቅ አልክ። አንተም የአባትህ ልጅ ነህ! እኔ ያሳደግኩህ አይደለሁም? አንተስ ማን መሰልኩህ? ጭላዳ ሊያይ የሮጠ የስድስት ዓመት ሕፃን ጥፋት የለበትም። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሆነህ ከናትህ መደበቅህ ግን ጥፋት ነው፤ እሱን መጥተህ ተጠየቅበት።

ለቅሶ ተቀምጬአለሁ። ሰው እየመጣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጆችሽስ?» ይለኛል። ምስክር ልጓም ገደል ነው እላለሁ። ፀሐይ ይቻትላችሁ እላለሁ። ቸሩስ ሲሉኝ አፌ ይያዛል። መጥተህ አጠገቤ ተቀመጥና፣ ይኸውላችሁ ልበል።